መዶሻ አይዋሽም

ከተማችን ስም ነበራት። በኋላ ግን ጫጫታው በዛና ስሟ ሲጠራ የሚሰማ ሰው ጠፋ፤ ያልተሰማ ስም ደግሞ ይረሳል። ትልቅ እንደነበረች ግን አስታውሳለሁ። ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ ሌላው ጫፍ ለመድረስ ያሰበ ሰው ስንቅ ይዞ ነበር የሚወጣው። ስንቅ ያለው ሰው ማለቴ ነው።

እኔ አስማረ እባላለሁ። ሙያዬ ቆርቆሮ ቀጥቃጭነት ነው። ባልዲ፣ ማንቆርቆሪያ፣ የጣሪያ አሸንዳ፣ የታዘዝኩትን ሁሉ እሠራ ነበር፤ ቆርቆሮ ከከተማው እስኪጠፋ ድረስ። ቆርቆሮው ከጠፋ በኋላም መቀጥቀጤን አላቆምኩም። እንዲያውም የዚያን ጊዜ የቀጠቀጥኩትን ያህል በዕድሜዬ ቀጥቅጬ አላውቅም። እንዴት ብትሉኝ ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

የተጀመረው በጥያቄ ነው። ሹማምንቱ በከተማው ውስጥ ስንቱ ቤት ሥራ እንዳለው፣ ስንቱ ጦሙን እንደሚያድር ማወቅ ፈለጉና ጠያቂዎች ላኩ። ጠያቂዎቹ በየቤቱ እየገቡ ምን ትሠራላችሁ፣ ምን ትበላላችሁ ይላሉ፤ ሰዉም ሳይደብቅ ይነግራቸዋል። ችግሩ የመጣው ከመስማቱ ነው። አንዱ ጠያቂ የሰማውን ሰምቶ ቤቱ ሲገባ ምሳው አልዋጥ አለው። አንዷ ለአራስ ነጠላዋን ሰጥታ በብርድ ወደ ቤቷ ሄደች። ሌላው ጭራሽ አልተመለሰም፤ ሊጠይቃቸው ከገባባቸው ሰዎች ጋር ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኙት አሉ። በዚህ ዓይነት ሥራ አይሄድም። ያን ጊዜ የትጋት መሥሪያ ቤቱ አለቃ ከመቀመጫው ተነሳና «ሰው ይዋሻል፤ መዶሻ አይዋሽም» አለ። ንግግሩ አጭር ስለነበረ ሁሉም ወደደው።

ከዚያ ወዲህ ጠያቂ ቀረና አድማጭ መጣ። አድማጭ ማለት ጫፉ የተቆረጠ የበሬ ቀንድ የያዘ ሹም ነው። ከባና፣ ከወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የተሰፋ ጫማ ያደርጋል፤ ኮቴው አይሰማም። ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ የማታው ደወል እስኪደወል ድረስ በየመንደሩ ይዞራል። ከአንዱ ግድግዳ ስር ይቆምና የቀንዱን ሰፊ አፍ ግድግዳው ላይ፣ ጠባቡን ጆሮው ላይ ያደርጋል። ውስጥ የሥራ ድምፅ ካለ ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ አልፎት ይሄዳል። ጭር ካለ በሩ ላይ ጥላሸት ይቀባል። ጥላሸት የተቀባ ቤት ፀሐይ ሳትጠልቅ ተሸካሚዎች ይመጡበታል። የተሸካሚዎች ደንብ ቀላል ነው፤ በዝምተኛ ቤት ውስጥ የተገኘን ሁሉ፣ ሰውም ይሁን ዕቃ፣ አንድ ሳያስቀሩ አውጥተው ወደ ጭጭ ሜዳ ይወስዳሉ። ጭጭ ሜዳ ከኮረብታው ጀርባ ነው ይባላል። ከዚያ ተመልሶ የመጣ ሰው ስለሌለ ጠይቆ ማረጋገጥ አይቻልም።

በአንድ ክረምት ውስጥ በከተማችን የሥራ ፈት ቤቶች ቁጥር ክፉኛ ቀነሰ። የቀነሱት ቤቶቹ ናቸው። ዜናው በአደባባይ ሲነገር እኛም አጨበጨብን፤ ጭብጨባ ድምፅ ነውና ማንም አልሰነፈበትም።

ሰው ደግሞ ይማራል። የሚወቀጥ እህል የሌላቸው ሴቶች ባዶ ሙቀጫ መውቀጥ ጀመሩ። የእንጨት ሥራ ያጡ ሰዎች ደፍ ላይ ተቀምጠው ያንኑ ደፍ ይመቱታል። ቢሮው የተዘጋበት አንድ የመንደራችን ጸሐፊ፣ ሥራው ድሮም ድምፅ አልነበረውምና፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ መፍጨት ከአሠልጣኝ ተማረ። አሠልጣኞቹ ደህና ይኖሩ ነበር። ያልተማረችው እትዬ ትርፌ ብቻ ነበረች። እትዬ ትርፌ ጥልፍ ጠላፊ ናት፤ በሰፈሩ ውስጥ እውነተኛ ሥራ የነበራት እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሙሽራ ቀሚስ ጀምራ ነበር። መርፌ ግን አይጮኽም። አድማጩ ቀንዱን አስጠግቶ ምንም አልሰማም፤ ቀሚሱን በግማሽ እንደያዘች ወሰዷት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጸጥ ያለ ሥራ የነበራቸው ሁሉ ሥራቸውን ትተው መምታት ያዙ። ጊዜ አልበቃቸውምና ነው፤ እየሠሩ መምታት አይቻልም።

የሕፃን ለቅሶ ከሥራ አይቆጠርም ተባለ። የሐዘን እንጉርጉሮም እንደዚያው። ስለዚህ የሞተበት ቤት በአንድ እጁ እየመታ በሌላው ዓይኑን ይጠርጋል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው ተረትም ቀረ፤ አያቶቻችን ለምን እንዳሉት ልጆች ሲጠይቁ ሽማግሌዎቹ ርዕስ ይቀይራሉ።

መምታት ምን ያስገኛል የሚል ይኖራል። ምንም አያስገኝም። በቤትህ ያሳድርሃል፣ በቃ። ለሆዳችን የማታው ደወል ከተደወለ በኋላ እንወጣና ከቤታችን የቀረውን ዕቃ በሚበላ ነገር እንለውጣለን። እኔና ባለቤቴ ዝማም መጀመሪያ ወንበሩን፣ ከዚያ ሣጥኑን፣ ከዚያ አልጋውን በላን። ድስቱን ትተነዋል፤ ድስት ይመታል።

ዝማም እርጉዝ ነበረች። ወሯ እየገባ ሲሄድ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ። «ልጄን ጣሪያ ስር ነው የምወልደው። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።» እሷ ብዙ የምትለምን ሴት አይደለችም፤ ይህን ስትለምን ሰምቼ ፈራሁ። ከዚያ በፊት የምፈራው ለራሴ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እጄ ደክሞ አንድ አፍታ ባረፈ ቁጥር የተሸካሚዎቹ እጅ በዝማም ብብት ስር ሲገባ ይታየኝ ጀመር። እንቅልፍ ውስጥ ሆኜ ጭኔን እመታለሁ። ጠዋት ስነሳ ጭኔን በልዞ አገኘዋለሁ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሉ የለ፤ እኛን ያቆየን ጋሽ ምናላቸው ነው። ጋሽ ምናላቸው ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ አናጢ ነው፤ ቤቱ ከቤታችን ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይገናኛል። ግድግዳው መሃል አንድ ወፍራም ምሰሶ አለ። ምሰሶው የእሱንም የእኛንም ጣሪያ ይሸከማል። አንድ ማታ ከደወል በኋላ መጣና፣ ምሰሶውን ከአንድ ወገን ሲመቱት በሁለቱም ቤት እኩል እንደሚሰማ እንዳስተዋለ ነገረኝ። አድማጩ የትኛውም ግድግዳ ስር ቢቆም ድምፁ ያው ነው። እንግዲያው ጠዋት እሱ ይምታ፣ ከሰዓት በኋላ እኔ፤ አንዱ ሲመታ ሌላው ይረፍ። እጁን ልስመው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ቀን ሰው ሆነን መዋል ቻልን። ዝማም ጠዋት ጠዋት ጋደም ትላለች፤ እኔ እግሯን አሻለሁ።

የጋሽ ምናላቸውን አመታት እንደ ሰው ድምፅ ለምደነው ነበር። ጥቂት ይመታና ያርፋል፣ ጥቂት ይመታና ያርፋል። አናጢ ሚስማሮቹን በከንፈሩ ይይዝ የለ? አንዱን መትቶ ሲጨርስ ሌላውን ከአፉ ያወጣል። ጋሽ ምናላቸው ሚስማር ካየ ዘመን የለውም፤ እጁ ግን አልረሳም። በየመሃሉ ያቺን ሚስማር የሚያወጣባትን ያህል ያርፋል። ዝማም በግድግዳው በኩል ትሰማና «አሁን አወጣ» ትለኛለች፤ እንስቃለን። በዚያ ከተማ ውስጥ የሳቅነው በዚህ ብቻ ነው።

ያላወቅነው ነገር ምን ነበር መሰላችሁ? ጋሽ ምናላቸው ቤት ውስጥ የሚለወጥ ዕቃ አልቆበት ነበር። ማታ ማታ ከጣሪያው አንድ አንድ እንጨት እየነቀለ ለማገዶ ፈላጊ ይሰጥና ቆሎ ይቀበላል። ለእኛም ከዚያው ቆሎ በእፍኙ ያቀብለን ነበር። ትውልድ አገሩ ላይ ቆሎ የሚልክለት ዘመድ ያለው ይመስለን ነበር እንጂ ጣሪያውን እየበላን እንደሆነ በምን እናውቃለን። የተረፈውን ጣሪያ የያዘው ያ ምሰሶ ነው። ምሰሶውን ደግሞ ጠዋት እሱ፣ ከሰዓት እኔ፣ ቀኑን ሙሉ እየተቀባበልን እንነቀንቀዋለን።

አንድ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ተራዬ ደርሶ መዶሻዬን ላነሳ ስል፣ ከወዲያ በኩል ከባድ ድምፅ ተሰማ። መሬቱ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ቤታችን ላይ አቧራ ረገፈ። እኔም ጋሽ ምናላቸው ዛሬ ሥራ አገኘ ማለት ነው፣ ሳንቃ አራግፈውለታል አልኩና ደስ አለኝ። ወዲያው ግድግዳው ይመታ ጀመር። ተራው የእኔ ሆኖ ሳለ እሱ መምታቱ ገርሞኝ፣ የዝማም ወር መግባቱን ስለሚያውቅ ሊያሳርፈኝ ነው ብዬ አሰብኩ። መረቅኩትና መዶሻዬን አስቀምጬ ጋደም አልኩ። እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ ወሰደኝ።

የቀሰቀሰችኝ ዝማም ናት። ግድግዳው ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ቆማለች።

«ስማ እስቲ» አለችኝ። «ሚስማር አያወጣም።»

ሰማሁ። እውነትም ዕረፍት የለውም። ጧ ጧ ጧ ይላል፣ ላላ ይላል፣ እንደገና ይፈጥናል። ከምሰሶውም አይደለም፤ ከታች ነው፣ ከወለሉ አጠገብ።

«ቸኩሎ ይሆናል» አልኳት።

«አስማረ፣ ይሄ ሥራ አይደለም። ሰውየው እየተጣራ ነው።»

ያን ጊዜ ያ ከባድ ድምፅ ምን እንደነበረ ገባኝ። በግድግዳው በኩል በጉልበቴ ሁሉ ስሙን ጠራሁ። የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማሁትም፤ የመንደሩ ሙቀጫና መዶሻ ዋጠው። መዶሻውን ለዝማም ሰጠኋትና ወጣሁ። በአድማጭ ሰዓት መንገድ ላይ መታየት ክልክል ነው፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሥራ ላይ አይደለምና። የጋሽ ምናላቸውን በር ገፋሁት፤ የተደረመሰው ጣሪያ ከውስጥ ደግፎታል፣ ወይ ፍንክች።

ብቻዬን አልችልም፤ ሰው ያስፈልጋል። የሚቀጥለውን በር አንኳኳሁ። የኔን ማንኳኳት ሲሰሙ ውስጥ ያሉት መውቀጣቸውን አጠነከሩ። እኔም አጠነከርኩ። እነሱም ባሰባቸው። ሹም መስያቸዋለሁ። ሁለተኛው በር ላይም ያው ነው፤ በጡጫዬ ስመታ በድንጋይ መለሱልኝ። ሰው ሞተ፣ ሰው ወደቀ፣ ድረሱ እያልኩ ከበር ወደ በር ሮጥኩ፤ ባለፍኩበት ሁሉ ጫጫታው ከኋላዬ እየጨመረ መጣ። ያን ያህል ሕዝብ በዙሪያዬ እያለ እንደዚያን ዕለት ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። የመንደራችን ትጋት እንደዚያ ቀን ከፍ ብሎ እንደማያውቅ በኋላ ተነግሮልናል።

ስዞር አድማጩ የጋሽ ምናላቸው ግድግዳ ስር ቆሟል። ቀንዱን አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አድማጮች ያን ሁሉ ጫጫታ ለዓመታት ሲያዳምጡ ኖረው ጆሯቸው ይደነቁራል። ፈጽሞ ሲደነቁሩ የአድማጮች አለቃ ሆነው ይሾማሉ። የእኛው አድማጭ ሹመቱ እየቀረበ ነበር። ፊቱ ላይ ደስታ አየሁ።

«እንዲህ ያለ ቤት ሰምቼ አላውቅም» አለኝ፣ መንገድ ላይ መቆሜን እንኳ ሳይቆጣ። «ዕረፍት እንኳ የለውም። ጎበዝ ነው።»

«ጌታዬ፣ ሥራ አይደለም» አልኩት። «ጣሪያ ወድቆበት ነው።»

«ጮክ በል፣ አልሰማህም።»

እንግዲህ አስቡት። በሹክሹክታ ሊባል የሚያስፈራውን ነገር መንገድ መሃል ቆሜ በጩኸት መናገር ነበረብኝ። ጮህኩ። ጣሪያ ወድቆበት ድረሱልኝ እያለ ነው አልኩ። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ አስደገመኝ፤ ደገምኩ። ሲገባው ቀንዱን ከግድግዳው አነሳና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየኝ።

«የሥራን ድምፅ ሥራ ካልሆነ ድምፅ በምን ለየኸው?»

ይህን የሚለይ ሰው ሥራ ያልሆነውን ድምፅ የሚያወጣ ሰው ብቻ ነው። ዝማም ታየችኝ፤ ጣሪያ ስር ነው የምወልደው ያለችው ታወሰኝ። ከግድግዳው ስር ደግሞ ያ ድምፅ እየላላ ነው።

«እኔም እንደዚያው ነው የምመታው» አልኩ። «ሁላችንም እንደዚያው ነን ጌታዬ። ሥራ የለንም። እባክዎ ሰው ይዘዙልኝ።»

አድማጩ ባና ጫማውን እየጎተተ ወደ እኔ ቤት ሄደና ቀንዱን ግድግዳዬ ላይ አደረገ። ቆየ። ከዚያ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ቀንዱን ሊያቀብለኝ ሲል እኔም ሰማሁ፤ ከቤቴ ውስጥ ግድግዳ የሚያናጋ ምት ይመጣል።

«ቤትህ ይሠራል» አለኝ። «የሰው ወሬ መቀበል ከተውን ቆይተናል። ሥራ ፈተህ የቆምከው አንተ ብቻ ነህ። ግባ።»

ሄደ። በጋሽ ምናላቸው በር ላይ ነጭ ቀለበት ስሎበት ነው የሄደው፤ ነጭ ቀለበት የትጋት ሽልማት ነው።

ስገባ ዝማም ተንበርክካለች። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው መዶሻውን ይዛ የግድግዳውን ግርጌ ትንደዋለች። እኔ ሰው ፍለጋ ስዞር እሷ መንገዱን አግኝታለች። መዶሻውን ተቀበልኳትና መታሁ። ጭቃው ፈረሰ፣ ጭራሮው ተሰበረ። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ለአንድ ነገር ብዬ የመታሁት ያን ጊዜ ነው፤ እጄ ሥራውን ሲያስታውስ ተሰማኝ። ቀዳዳው ሰው የሚያሾልክ ሲሆን በደረቴ ተሳብኩና ገባሁ። ውስጡ አቧራ ነው። የጣሪያው ቅሪት፣ ሣሩ፣ ጭቃው፣ እንጨቱ ተቆልሎ ጣሪያው በነበረበት ሰማይ ይታያል። ጋሽ ምናላቸው አይታይም።

የት እንዳለ ለማወቅ መስማት ያስፈልጋል። ለመስማት ደግሞ ዝም ማለት ያስፈልጋል። ዝማም ቀዳዳው አፍ ላይ ሆና ከልማዷ ድስቱን ትመታ ነበር። ተያየን። እሷ ካቆመች ሁለቱም ቤት ጭር ይላል፤ አድማጩ ደግሞ ገና ከመንደሩ አልወጣም። ላብ በፊቷ ይወርዳል። ምጥ ጀምሯት እንደነበረ ያን ጊዜ አላወቅኩም።

እኔ አቁሚ አላልኳትም። ልላት አልቻልኩም። ራሷ ድስቱን በእርጋታ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ጭር አለ። የኛ መታ መታ ሲቋረጥ፣ ከወዲያኛው የነበረው ጎረቤት ምን መጣ ብሎ መሰለኝ እሱም አቆመ። የእሱን ዝምታ የሰማው ቀጣዩ አቆመ። ዝምታው ከቤት ወደ ቤት ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያስፈራ ነገር ሰምቼ አላውቅም። በዝምታው ውስጥ ሁለት ድምፅ መጣ። አንደኛው ከመንገድ ነው፤ ሰምተነው የማናውቀው ነገር፣ ሸጥ ሸጥ የሚል፣ የባና ጫማ እየተጎተተ ሲመለስ። ሁለተኛው ከፍርስራሹ ክምር ስር ነው፤ እንጨት በጥፍር እንደሚነካ ቀስ ያለች ጧ። እኔ ሁለተኛውን ተከትዬ በእጄ ቆፈርኩ።

መጀመሪያ እጁን አገኘሁ፤ መዶሻውን አልለቀቀም። ከዚያ ፊቱን። አፉ ጭቃ ሞልቶታል፣ ዓይኑ ያያል። ዋናው የጣሪያ ወራጅ እንጨት ግን እግሮቹ ላይ ነው፣ እኔ ብነቀንቀውም አልነቃነቅ አለ። ሁለቱም በር ላይ ጥላሸት ሲቀባ ሰማን። ነጩን ቀለበት አላጠፋውም፤ በላዩ ላይ ቀባበት።

ተሸካሚዎቹ መጡ። ግዙፍ ናቸው፣ አይናገሩም። ፍርስራሹ የዘጋውን በር በትከሻቸው ገፍተው ገቡ። በዝምተኛ ቤት ውስጥ የተገኘ ሁሉ አንድ ሳይቀር ይወጣል የሚለው ደንብ አለባቸውና፣ ጣሪያውን እንጨት በእንጨት አነሱ። ወራጁን አራት ሆነው ተሸከሙት፤ ከዚያ ጋሽ ምናላቸውን እንደ ሣጥን አነሱት። መንደር ሙሉ ሰው ለምኜ ያጣሁትን እነሱ ሳልለምናቸው ሠሩልኝ። አመሰገንኳቸው። ከዚያ ዝማምን በብብቷ ያዟት፣ ይታየኝ እንደነበረው አድርገው። እኔ ጎን ጎኗ ሮጥኩ። መንደሩ ከኋላችን እንደገና መምታት ጀመረ።

ጭጭ ሜዳ እዚህ ነው። ከኮረብታው ጀርባ ያለ ገላጣ መሬት ነው፤ ዛፍ የለው፣ ጣሪያ የለው። ተሸካሚዎች ዙሪያውን ቆመዋል፤ መግባት እንጂ መውጣት የለም። ረሃቡ ከከተማው ረሃብ አይለይም። ሥራም እንደዚያው የለም። ልዩነቱ የአንዱ ሆድ ሲጮኽ ለሌላው መሰማቱ ነው።

ዝማም ልጃችንን የወለደችው በዚያው ምሽት ሰማይ ስር ነው። ያዋለደቻት እትዬ ትርፌ ናት። በግማሽ የቀረውን የሙሽራ ቀሚስ ለልጅቷ መጠቅለያ አደረገችው። ልጅቷ ስታለቅስ ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ተነስቶ ወደ እኛ መጣ። እኔ ልማድ ሆኖብኝ ሊወስዱን የመጡ መስሎኝ ልጄን ደረቴ ላይ ሸሸግኩ። ሰዎቹ ግን ሰምተው ነው የመጡት። ዝማም ይህን ስታይ አለቀሰች፤ ጣሪያ ስር አለመውለዷን ግን ዛሬም ድረስ ታነሳዋለች።

ኮረብታው አናት ላይ ሹማምንቱ ከሌላ አገር የመጡ እንግዶችን ያወጣሉ። ከዚያ ሆነው የከተማውን ድምፅ ያሰሟቸዋል። እንግዶቹ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ይሰሙና እንዲህ ያለ ሠራተኛ ሕዝብ አይተን አናውቅም እያሉ ያጨበጭባሉ። በከተማው ውስጥ ድሃ ቤት የለም የሚባለውን እኛም ከታች ሆነን እንሰማለን።

ጋሽ ምናላቸው እግሮቹ አልዳኑም። ፊቱን ወደ ከተማው አዙሮ ይተኛል። ነፋስ ከዚያ በኩል ሲመጣ ድምፁ ሁሉ ተጠራርጎ ይመጣል፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ ያ አድማጭ ይሰማ እንደነበረው አይደለም።

«አስማረ» ይለኛል። «ያቺን ሰማሃት? በግራ በኩል ያለችውን።»

«ሰማኋት ጋሼ።»

«ሚስማር አታወጣም።»

መጀመሪያ ላይ ይህን ሲለኝ እስከ ሜዳው ጫፍ እሮጥ ነበር። ተሸካሚዎቹ አልፌ እንዳልሄድ ይይዙኛል እንጂ ጩኸት አይከለክሉም፤ በግራ በኩል ሰው አለ፣ ድረሱለት እያልኩ እጮኻለሁ። ጩኸቴ ዳር ዳር ያሉት ቤቶች ድረስ ይደርሳል። እነሱም ይፈሩና መምታታቸውን ያጠነክራሉ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉትም ይከተላሉ። ያቺ ድምፅ በመሃሉ ትጠፋለች።

ስለዚህ አሁን አልጮኽም። ጋሽ ምናላቸው ጣቱን ሲያነሳ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ ዝማምም ልጅቷን ይዛ ትመጣለች፤ ያቺ ድምፅ እስክታቆም ድረስ ዝም ብለን እንሰማታለን።